ግመል የሌላት ርብቃ

ሁለተኛ ኮሚቴ ውስጥ አልገባም ብዬ በተናገርኩ በወሩ የኮሚቴ ሰብሳቢ ሆንኩ። ጥፋቱ የእንጀራዬ ነው። ዳላስ አጠገብ፣ ፍሪስኮ ከተማ ውስጥ አንድ ትልቅ የቢሮ ሕንፃ አስተዳድራለሁ፤ ሊፍት ሲቆም፣ ኤሲ ሲበላሽ፣ ጣሪያ ሲያፈስ የሚደወለው ለእኔ ነው። ይህን የሚያውቅ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ሁሉ እሑድ ከአምልኮ በኋላ በአንድ እጁ ሰላም እያለኝ በሌላው እጁ የተበላሸ ኤሲውን ፎቶ ከስልኩ ያሳየኛል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያናችን ግንብ በገዛ ጊዜ የእድሳቱን ኮሚቴ ማን ይምራ የሚል ጥያቄ እንኳ አልተነሣም። ሥራ ላይ ሆኜ፣ በሌለሁበት መረጡኝ። አጨበጨቡም አሉ።

አዎ፣ ግንብ ነው የገዛነው። ሜስኪት ከምትባለው ከተማ ወጣ ብሎ፣ የከብት ሜዳዎቹ ከሚጀምሩበት አጠገብ፣ የዛሬ መቶ ዓመት ግድም አንድ የነዳጅ ሀብታም ያሠራው የድንጋይ ግንብ አለ። ሰውየው አንድ ጊዜ አውሮፓን ጎብኝቶ ልቡ እዚያው ቀርቶ ኖሮ፣ ሁለት ማማና ጠባብ መስኮቶች ያሉት፣ አናቱ እንደ ጥርስ የተገጠገጠ ቤት በቴክሳስ ሜዳ መካከል አቆመ። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ጎንደር ተወልደው ያደጉ ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ሊያዩት መጡና አንድ ጊዜ ዞረውት፣ “ይሄ ምኑ ነው ግንብ?” ብለው ኤሲው ወደተከፈተ መኪናቸው ተመለሱ።

የሸጡልን የሰውየው ልጅ ናቸው። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው፣ ወገባቸው የጎበጠ፣ ቀልድ የሚያውቁ ሴት ናቸው። እኔ ለራሴ ባለግንቧ እላቸዋለሁ። የሚኖሩት ሜስኪት ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ነው፤ እዚያ የምትሠራ የቤተ ክርስቲያናችን ነርስ ናት ያገናኘችን። ለሌላ ገዢ ከሚሸጡት አርክሰው ሊሰጡን የተስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጋለሪው ታድሶ ታፔስትሪው ወደ ድሮ ቦታው እንዲመለስ።

ጋለሪ የሚሉት በሁለተኛው ፎቅ ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚሄደውን ረጅም አዳራሽ ነው። ታፔስትሪ ደግሞ ሥዕሉ በላዩ ያልተሣለ፣ ራሱ በሱፍና በሐር ክር የተሸመነ ትልቅ የግድግዳ ጨርቅ ነው። ይሄኛውን አባትየው ከአውሮፓ ገዝተው ያመጡት ሲሆን፣ የተሸመነው አሜሪካ የምትባል አገር ገና ስም ሳይወጣላት በፊት ነው። በአበባ በተሞላ መስክ መካከል አንዲት ሴት ከጉድጓድ ውኃ ትቀዳለች። እግሯ ሥር ነጭ ውሻ ተኝቷል፣ በአበባው መካከል ጥንቸሎች ብቅ ብቅ ይላሉ። ኮሚቴያችን ከመጀመሪያው ስብሰባ እስከ መጨረሻው “ምንጣፉ” ነው ያለው፤ እኔም ማረም ሰለቸኝና ተውኩት።

ባለግንቧን መጀመሪያ ያነጋገርኳቸው በክፍላቸው መስኮት ሥር ነው። ሁሌም መስኮት ሥር ነው የሚቀመጡት። ጃኬቴ ደረት ላይ ያለውን የመሥሪያ ቤቴን ስም አንብበው፣ “ፍሪስኮ ድረስ በየቀኑ ትነጂያለሽ? ምስኪን” አሉኝ። እንግሊዝኛ አንቱና አንቺ አይለይም፤ እኔ ግን በሐሳቤም ቢሆን አንቺ ልላቸው አልቻልኩም። ከዚያ ነገሩኝ። እናታቸው የሞቱት እሳቸው ገና በእቅፍ ሳሉ ነው። አባታቸው ስለ ሚስታቸው ማውራት የማይሆንላቸው ሰው ስለነበሩ አንድ ፎቶ እንኳ አላስቀሩም። ልጅቷ መጠየቅ አላቆም ብትላቸው አንድ ቀን እጇን ይዘው ጋለሪ አስገቧትና፣ ውኃ የምትቀዳውን ሴት እያሳዩ እናትሽ እሷን ትመስል ነበር አሏት። ከዚያ ወዲህ ያቺ ሴት እናታቸው ሆነች። ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ታፔስትሪው ተጠቅልሎ ማማ ላይ ተቀመጠ፤ ሳያዩት ዘመን አለፈ።

“የእናቴን ፊት አላውቀውም፤ የማውቀው የእሷን ነው” አሉኝ። “አሁን ደግሞ ዓይኔ እየሄደ ነው። ሐኪሙ አይመለስም ብሎኛል። ሳይጨርስ በፊት፣ ከቦታው ተሰቅሎ፣ ድሮ ከምቆምበት ሆኜ ልያት። ሌላ ምንም አልፈልግም።”

ፓስተራችን አጠገቤ ነበሩ። የባለግንቧን እጅ ይዘው በሁላችን ስም ቃል ገቡላቸው። ሁላችን ሲባል እኔ ማለት መሆኑ የገባኝ መኪና ውስጥ ነው።

ዴንተን የሚኖር አንድ የጥንት ጨርቆች ባለሙያ አፈላልጌ አገኘሁ። ቀጭን፣ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ስለ እርጥበት ሲያወራ ድምፁን እንደ ሐዘንተኛ ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው። ታፔስትሪውን ጋለሪው ወለል ላይ፣ በንጹሕ አንሶላ ላይ በጥንቃቄ ዘርግቶ አየው፣ ፎቶ አነሣው፣ መልሶ ጠቀለለው። ከዚያ የሚፈልገውን ነገረኝ። የማያፈስ ጣሪያ፣ የደረቀ ግድግዳ፣ ቀንም ሌሊትም የማይለዋወጥ አየር፣ ጸሐይ የማያስገባ መስኮት። በቃ። ይህ ለእኔ የዕለት ሥራዬ ነው፤ ቢተዉኝ በአንድ በጋ እጨርሰው ነበር። ማን ይተወኛል?

የእኛ ኮሚቴ ስብሰባ የሚጀመረው ሰው ሲሞላ ነው፤ ሰው የሚሞላው ደግሞ ስብሰባው ሊያልቅ ሲል ነው። በጸሎት ይከፈታል፤ ጸሎቱ ከአጀንዳው ይረዝማል። ከዚያ አንድ ነገር እንወስን ስል ከጥግ አንድ ድምፅ “እንጸልይበት” ይላል። እኔም አማኝ ነኝ፣ ጸሎት አልጠላም። ግን ጣሪያው ያፈስሳል። በሚያፈስ ጣሪያ ላይ የጌታ ፈቃድ ምን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ሳምንት መጾም ያስፈልጋል ወይ ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኩ። ለእኔም ተጸለየልኝ።

ቀጥሎ የግድግዳው ክርክር መጣ። የሚዲያ ክፍሉ ልጆች፣ እዚህ ተወልደው ያደጉት፣ ጋለሪውን አይተው ያ ግድግዳ ለስክሪን የተፈጠረ ነው አሉ። ሌላ ያን የሚያህል ግድግዳ በግንቡ ውስጥ የለም። የወጣቶች ፕሮግራም እዚያ ሊያደርጉ አስበዋል፤ የመዝሙሩ ግጥም የት ይታይ? ቃል መግባታችንን ነገርኳቸው። መሪያቸው በጣም ጨዋ ልጅ ነው፣ መፍትሔ ይዞ መጣ።

“ሶ፣ ስክሪኑን ከፊቱ ኢንስቶል እናደርጋለን፤ ሰርቪስ ሲያልቅ ወደ ላይ ሮል ይላል፣ ምንጣፉ ይታያል። ዊን ዊን ነው።”

ይህ ዊን ዊን ሁለት ስብሰባ በላ። በመጨረሻ ፓስተሩ ቃል ቃል ነው አሉና ስክሪኑ ምድር ቤት ወረደ። ልጆቹ እስከ ዛሬ በሩቁ ነው ሰላም የሚሉኝ።

ባለሙያው ያነሣው ፎቶ በቤተ ክርስቲያኑ የስልክ ግሩፕ ላይ የወጣ ዕለት ደግሞ ሌላ እሳት ተነሣ። አንድ ወንድም “ይቺ ማርያም ናት እንዴ?” ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ስልኬ እንደ ንብ ቀፎ ነው የዋለው። የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሥዕል ሊሰቀል ነው፣ ዛሬ ምንጣፍ ነገ ምን ሊከተል ነው፣ ልጆቻችን ምን ይማራሉ። ሴትየዋ ከማርያም ጋር የሚያገናኛት ነገር የለም፤ አክሊል የላት፣ ልጅ የላት፣ በባዶ እግሯ ውኃ የምትቀዳ ሴት ናት። ባለሙያውም የዚያን ዘመን መኳንንት እንዲህ ያለ መስክ ለጌጥ ያሠሩ ነበር ብሎኛል። ይህን አስረዳሁ። ያልተዋጠላቸው ነበሩ። እንግዲህ እውነቱን ልንገራቸው ብዬ የባለግንቧን የእናት ነገር ተናገርኩ፤ ጉድ የፈላው ያኔ ነው። አሮጊቷ በሥዕል በኩል የሞተች እናቷን ታነጋግራለች ማለት ነው፣ ይህማ ሙታን መጥራት ነው አሉ። አንዲት የዘጠና ዓመት ወላጅ አልባ ናት፣ የሙታን ጠሪ አይደለችም ብዬ ጮኽኩ። እንጸልይበት ተባለ።

ያዳነን የእናቶች ኅብረት መሪዋ ናቸው። ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው የማይወርድ፣ ያሉት የሚሆንላቸው እናት ናቸው። ፎቶውን ከልጅ ልጃቸው ስልክ ላይ አስጠግተው አዩና፣ “ውኃ እየቀዳች አይደል? ርብቃ ናታ” አሉ።

ክፍሉ በሙሉ ተነፈሰ። ርብቃ! ዘፍጥረት ላይ ያለች፣ ጉድጓድ ያላት፣ ማንም የማይቃወማት ርብቃ። ተቃዋሚዎቹ ራሳቸው አሜን አሉ። እኔም አፌን ዘጋሁ፤ ከፈለጉ ሣራ ይበሏት፣ ጣሪያዬን ልሥራበት። ፋይላችንን ሰብስበን ልንነሣ ስንል የጎንደሩ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ።

“ግመሎቹስ?” አሉ። “ርብቃ የአብርሃምን ሎሌ ግመሎች ነው ያጠጣችው። እዚህ ላይ ግመል አላየሁም። ያለው ውሻ ነው።”

የሚቀጥለው ስብሰባ ስለ ግመል ነበር። እየቀለድኩ አይደለም። ገና አልደረሱም ያለ ነበር፤ ጠጥተው ሄደዋል ያለም ነበር፤ ግመል ከሌለ ርብቃ አይደለችም፣ ርብቃ ካልሆነች ማን እንደሆነች ይነገረን ያለም ነበር። በመጨረሻ ጨርቁ ከዳር ተቆርጦ ግመሎቹ ወድቀው እንደሆነ ባለሙያው እንዲጠየቅ ተወሰነና ጠያቂዋ እኔ ሆንኩ። ሥራ ቦታ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ መኪናዬ ውስጥ በሬን ዘግቼ ኮል አደረግኩለት። ዳሩ ሙሉ ይመስለኛል አለኝ። ለምን እንደጠየቅኩት አልጠየቀኝም፤ ስለዚህ ብቻ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ። ለኮሚቴው ግመሎቹ ከሥዕሉ ውጪ ናቸው ብዬ ሪፖርት አደረግኩ። ውሸት አይደለም።

በዚህ መካከል ባለግንቧ ጋ እሄዳለሁ። የግመሉን ነገር ነግሬያቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ጃኬቴን ግን አላነበቡትም፤ ማን እንደመጣ ያወቁት በድምፄ ነው። የታፔስትሪውን ፎቶ በስልኬ ላሳያቸው ስል እጃቸውን አወዛወዙና፣ ፎቶ አይደለም የጠየቅኋችሁ አሉኝ። ስንት ጊዜ ቀረው ብለው ጠየቁኝ። ትንሽ ነው አልኳቸው።

ባለሙያው ታፔስትሪው ውስጥ ብል አግኝቷል። በሳምንቱ በትልቅ መኪና ወደ ዴንተን ወስዶ ብሉን በብርድ ሊገድለው፣ ከዚያ ሊያጸዳውና ከጀርባው ደጋፊ ጨርቅ ሊሰፋለት ነው። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው ብሎ አስጠነቀቀኝ፤ እኔም ለሁሉም አስጠነቀቅኩ። ስህተቴ ብል የሚለውን ቃል የእናቶች ጸሎት ቀን ላይ ማንሣቴ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ግንቡ ጋ ስደርስ የመኪና ማቆሚያው በእናቶች ተሞልቷል። ለምሳ የምንዘረጋቸውን ጠረጴዛዎች ደርድረው፣ ንጹሕ አንሶላ አልብሰው፣ በላያቸው ታፔስትሪውን ከነሙሉ አበባው ዘርግተውታል። የሐምሌ የቴክሳስ ጸሐይ በላዩ ይንቦገቦጋል። እነሱ ጃንጥላ ይዘው በየወንበሩ ዙሪያውን ተቀምጠው ይጠብቁታል፤ አንዷ መዝሙር ታዜማለች። ራሴን ይዤ ሮጥኩ። ምን እያደረጋችሁ ነው ስል እማማ በፈገግታ ተቀበሉኝ።

“ብል አለው ስላልሽ ነዋ ልጄ። ጸሐይ ይምታው ብለን ነው። ለጋቢም ለፍራሽም እኮ ጸሐይ ነው መድኃኒቱ።”

ከዚያ ያልኩትን ሁሉ አልጽፈውም። በእናቶች ፊት፣ በመኪና ማቆሚያ መካከል፣ እናቴ በሚሆኑ ሰው ላይ ጮኽኩ። አምስት መቶ ዓመት የቆየ ቀለም ነው፣ ጋቢ አይደለም አልኩ። አብረን ጠቀለልነው፤ ባለሙያው ጋ ደወልኩና የዚያኑ ቀን መጥቶ ወሰደው። መብራት አስጠግቶ ብዙ ካየ በኋላ፣ በዓይን የሚታይ ጉዳት የለም፣ ነገር ግን ጸሐይ የወሰደችው ቀለም አይመለስም አለ። ይህን ሲናገር ድምፁ ከምንጊዜውም ዝቅ ያለ ነበር።

ጉዳዩ በዚህ አላለቀም። እናትን ያህል ሰው ተዋርዷል ተብሎ ሽማግሌዎች ተሰየሙ። ታፔስትሪውን ጸሐይ ላይ ያሰጣው ማን ነው የሚል ጥያቄ አልተነሣም፤ የተነሣው የእኔ ድምፅ ነው። እማማ ቤት ተቀምጠን፣ አብልተውኝ፣ አጠጥተውኝ፣ ይቅርታ ጠየቅኩ። ጉንጬን ስመው ይቅር አሉኝና በዚያው ትንፋሽ፣ “እኔ ግን በዕድሜዬ ጸሐይ የገደለው ልብስ አላየሁም” አሉ። ሽማግሌዎቹ ጣሪያ ጣሪያ አዩ።

ጣሪያው በመስከረም አለቀ። የግንቡን ድንጋይ የሚያውቁ ሠራተኞች አግኝቼ ግድግዳውን አደረቅኩት፣ በኖራ አስለሰንኩት፣ አየሩን የሚቆጣጠረውን ማሽን ድምፁ በማይሰማበት ቦታ አስገጠምኩት። ለመስኮቶቹ ድሮ የነበሩትን የእንጨት መዝጊያዎች አሠራሁላቸው። የባለሙያው ሥራ ረቂቅ ስለሆነ የብርዱን ወራት ሁሉ ፈጀ። ልናመጣው ቀን በቆረጥንበት ሳምንት ያ የሚያዝያ በረዶ መጣ። አንዱ ፍሬ የቡጢ ያህል ነበር። የመኪናዬን መስታወት ሰበረው፣ የግማሽ ዳላስን ጣሪያ አወረደው፣ የእኔንም አዲስ ጣሪያ ወንፊት አደረገው። ከዚያ ጣሪያ ሠሪ ማግኘት ሎተሪ ማግኘት ሆነ። በየቤቱ በር እያንኳኩ ጣሪያዎን ልየው የሚሉት ሁሉ እኔ ስደውል ግንብ አንሠራም ይላሉ። አንድ ጠዋት 635 ሃይዌይ ላይ ትራፊክ ውስጥ ቆሜ በዋይታ አለቀስኩ። የማለቅሰው ለጣሪያው አልነበረም። ባለፈው ባለግንቧ ጋ ስሄድ ሻይ ሳቀብላቸው ኩባያውን በእጃቸው አየር ላይ ሲፈልጉት አይቻለሁ።

በልመና ጣሪያ ሠሪ ተገኘ። የመጨረሻው ጦርነት የመብራቱ ነበር። ሚዲያ ክፍሉ ለስክሪኑ ካሳ እንዲሆነው ሐምራዊ መብራት አዝዞ ኖሯል፤ ቀለሙ የሚለዋወጥ፣ ከሙዚቃው ጋር ብልጭ የሚል። ባለሙያው ደግሞ ከሻማ ብዙም ያልበለጠ ብርሃን ብቻ ነው የምፈቅደው፣ መዝጊያዎቹም ለዘለዓለም ይዘጉ አለ። ለእሱ ወገንኩ። ካርቶኑን ሳይከፈት አስመለስኩ። እማማ መጥተው ሙከራውን ሲያዩ፣ “በዚህ ጨለማ ምኑ ይታያል?” አሉ። ዓይን ይለምዳል አልኳቸው፤ ትንሽ ኮራ ብዬ ነው ያልኩት። ከዓመት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ያሸነፍኩት ጦርነት ያ ብቻ ነበር።

ባለግንቧ የመጡት እሑድ ከሰዓት ነው። ነርሷ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች በአሳንሰሩ አወጣቻቸው። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰው ከንፈራቸውን ቀለም ተቀብተዋል። ድሮ ይቆሙበት የነበረውን ቦታ ራሳቸው ተናገሩ፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው መስኮት መካከል። እዚያ አቆምናቸው። ከኋላቸው ፓስተሩ፣ ኮሚቴው በሙሉ በሰዓቱ ደርሶ፣ እናቶች በነጭ ነጠላ፣ ባለሙያው በኮት ቆመናል። ትንንሾቹ መብራቶች ከላይ ፈዘዝ ብለው ይወርዳሉ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ መጀመሪያ አበቦቹ፣ ቀጥሎ ውሻው፣ ቀጥሎ ሴትየዋ ብቅ አሉ። ያን ያህል የሚያምር ነገር የሠራሁ አልመሰለኝም ነበር።

ባለግንቧ ወደ ነርሷ ዘንበል ብለው በቀስታ ጠየቁ።

“መቼ ነው የሚሰቅሉት?”

ነርሷ አየችኝ። ተሰቅሏል፣ ፊት ለፊትዎ ነው አልኳቸው። ባለሙያው ትንሽ ይታገሱ፣ ዓይን ጊዜ ይፈልጋል አለ። ታገስን። ፓስተሩ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አጭር ጸሎት ጸለዩ። አሜን ካልን በኋላ ባለግንቧ ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። በጣም ያምራል፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ውሻውም እንዳለ ነው አሉ። በጣታቸው ያሳዩት ግን ባዶውን ግድግዳ ነው።

እንዳናዝን ብለው ነው የዋሹን። ንድድ አልኩ። በኮሚቴው ነደድኩ፣ በበረዶው ነደድኩ፣ በግመሎቹ ነደድኩ፣ ከሁሉ በላይ ግን ዓመት ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጠው እያየኋቸው ለብርሃኑ እንደሆነ ባላሰብኩት በራሴ ነደድኩ። ለጨርቁ ቀለም ስሟገት ለእሳቸው ዓይን የቀረ ሙግት አልነበረኝም። እማማ መዝጊያው አጠገብ ነበሩ።

“እማማ” አልኳቸው፣ “ይክፈቱት። ጸሐይ ይምታው።”

እርግጠኛ ነሽ ወይ አላሉኝም። እጃቸው አስቀድሞ መቀርቀሪያው ላይ ነበር። ሁለቱን መዝጊያዎች ወለል አድርገው ሲከፍቱ የከሰዓቱ ጸሐይ ጋለሪውን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ባለሙያው “ኖ” አለ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ምክንያቱም ባለግንቧ የወንበራቸውን ጎማ በገዛ እጃቸው ይዘው ወደፊት እየሄዱ ነበር።

“ጥንቸሎቹ” አሉ።

 ባለሙያው ኮቱን አወለቀና፣ እሳቸው የማያዩትን የታፔስትሪውን ጎን ከጸሐዩ ይጋርድ ጀመር። እናቶች የሚያደርገውን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ ሁለት ሁለት ሆነው ጫፍና ጫፉን ይዘው፣ ልጅ ሲታጠብ እንደሚጋረደው ጋረዱለት። ባለግንቧ ወደ ግራ ሲሄዱ ነጠላው ወደ ግራ ይሄዳል፤ ያዩት ይሸፈናል፣ የሚያዩት ይገለጣል። የጎንደሩ ሽማግሌ ሳይቀሩ ትከሻዬን አመመኝ እያሉ አንዱን ጫፍ ይዘው ነበር። ከጥንቸሎቹ ወደ ውሻው፣ ከውሻው ወደ ቀሚሷ ዘርፍ፣ ከቀሚሷ ወደ እጇ፣ ከእጇ ወደ ባልዲው ሄዱ። ፊቷ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

ብዙ ቆዩ። አንገታቸውን ወዲያና ወዲህ እያዘነበሉ፣ ብርሃኑን እያስተካከሉ አዩዋት።

“ልጅ ናት” አሉ በመጨረሻ። “ልጅ እኮ ናት። እናቴ እንዲህ ልጅ ነበረች?”

 እማማ ምን አሉ ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ስለ ርብቃ አንድ ቃል አልተናገሩም። ባለሙያው ኮቱን እንደያዘ፣ ምን ያህል ልንከፍተው ነው ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄውን ለእማማ አቀበልኳቸው።

“እስኪጠግቧት ነዋ” አሉ።

የነጠላውን ጫፍ ከፍ አድርገው የያዙበት ክንዳቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ሄድኩና ያዝኩላቸው።